የወቅታዊ ጉዳዮች ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ በእስክሪብቶ የሚጻፈውና በእርሳስ የሚጻፈው

እ.ኤ.አ. በ2022 በተሰጠው የሕንድ ሲቪል ሰርቪስ ማጣሪያ ፈተና ላይ አራት የቦታና የአገር ጥንዶች ቀርበው ነበር፦ አናቶሊያ ከቱርክ፣ አማራ ከኢትዮጵያ፣ ካቦ ዴልጋዶ ከስፔን፣ ካታሎኒያ ከጣሊያን ጋር። የተጠየቀው ከእነዚህ ስንቶቹ በትክክል እንደተጣመሩ ነው። መልሱ ሁለት ነው፤ ካቦ ዴልጋዶ የሞዛምቢክ፣ ካታሎኒያ የስፔን ናቸው። በዓመቱ ደግሞ ዶንባስን ለሶሪያ፣ ካቺንን ለኢትዮጵያ፣ ትግራይን ለሰሜን የመን የሰጠ ጥያቄ መጣ፤ አንዱም ጥንድ ትክክል አልነበረም። ዶንባስ ዩክሬን፣ ካቺን ማያንማር ውስጥ ናቸው፤ ትግራይን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ክበባችን የዓመቱን ሥራ በዚህ ፈተና ዙሪያ ያቀደው በሁለት ምክንያት ነው። የፈተናው መርሐ ትምህርት በግልጽ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎችም በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ «ዜና እንከታተላለን» ብሎ ከመቅረት፣ የተነበበው ዜና ለምን ጥያቄ መልስ እንደሚሆን መመዘን ይቻላል። በዚህ ዘገባ የሕንድና የዓለም ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው ዓ.ም. ተብሎ ተለይቷል። ይህን ማስታወሻ ያለ ነገር አላስገባነውም፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው የሕብረቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን፣ በአጭሩ ዩፒኤስሲ፣ መሠረቱ የተጣለው በ1926 ነው። ፈተናው ሦስት ደረጃ አለው። ማጣሪያው በአንድ ቀን የሚሰጡ ሁለት ወረቀቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት ይወስዳሉ፣ ከ200 ይታረማሉ። የመጀመሪያው የጠቅላላ ዕውቀት 100 ጥያቄ ነው፤ ወቅታዊ ጉዳይ የሚገባው እዚህ ነው። ሁለተኛው የማስላትና አንብቦ የመረዳት 80 ጥያቄ ሲሆን 33 በመቶ ማምጣት ብቻ ይበቃል፤ ያን ያላመጣ ግን የመጀመሪያው ወረቀቱ አይቆጠርለትም። ቀጥሎ ዘጠኝ ወረቀት ያለው የጽሑፍ ፈተና አለ፤ ሰባቱ ከ1,750 ይታሰባሉ፣ ሁለቱ የቋንቋ ወረቀቶች ለማለፍ ብቻ ናቸው። በመጨረሻ 275 ነጥብ የሚይዝ ቃለ መጠይቅ አለ። የ2024 ዙር ውጤት ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲወጣ ለሹመት የታጩት 1,009 ነበሩ።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ብዙ ጊዜ የወሰደው የቅጣት ነጥብ ሒሳብ ነው። ትክክለኛ መልስ 2 ነጥብ ያስገኛል፤ ስሕተት የሦስተኛውን እጅ፣ 0.66 ገደማ ያስቀንሳል፤ ባዶ የተተወ አያስቀንስም። ምንም ሳያውቁ አራት ጥያቄ ቢሞሉ በአማካይ አንዱ ይገኛል፣ ሦስቱ ይሳሳታሉ፤ የተገኘው 2 የጠፋውም 2 ነው፣ ማለትም ዜሮ። አንድ ምርጫ በርግጠኝነት መጣል ከተቻለ ግን ከሦስት ግምት አንዱ ያገኛል፤ 2 ተገኝቶ 1.33 ይጠፋል። ሁለት ምርጫ ከተጣለ ከሁለት ግምት 2 ተገኝቶ 0.67 ብቻ ይጠፋል። ስለዚህ የሚያዋጣው ሁሉን ማወቅ ሳይሆን የማይሆነውን ለይቶ መጣል ነው። አባላት ይህን በሰሌዳ ላይ ሲያሰሉ ከሒሳብ ክበብ የመጡት ቀድመው መጨረሳቸው የሚጠበቅ ነበር።

ምርጫ ለመጣል ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የ2018 ጥያቄ ነው፦ አሌፖ ከሶሪያ፣ ኪርኩክ ከየመን፣ ሞሱል ከፍልስጤም፣ ማዛሪ ሻሪፍ ከአፍጋኒስታን ጋር ተጣምረው፣ ምርጫዎቹ 1 እና 2፣ 1 እና 4፣ 2 እና 3፣ 3 እና 4 ናቸው። ኪርኩክና ሞሱል ኢራቅ መሆናቸውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሦስቱን ምርጫ ይጥላል፤ ማዛሪ ሻሪፍን ሰምቶት ባያውቅም መልሱን ያገኛል። ከላይ የጠቀስናቸው የ2022 እና የ2023 ጥያቄዎች ግን ይህን መንገድ ይዘጋሉ። «ስንቶቹ ትክክል ናቸው?» ሲባል አንዱን ጥንድ ማወቅ ምርጫውን እምብዛም አያጠብበውም፤ እያንዳንዱን ማወቅ ግድ ነው። በልምምድ ላይ አባላት በብዛት የወደቁት በዚህ ዓይነቱ ነው፤ በአሮጌው ስልት የአዲሱን ጥያቄ ሊፈቱ ሲሞክሩ።

ዜናው እንዴት ይነበብ? የሕንድ ተፈታኞች ዘ ሂንዱ ወይም ኢንዲያን ኤክስፕረስ የተባለውን ጋዜጣ ይይዛሉ፤ የመንግሥት መግለጫዎችን ከመንግሥቱ የማስታወቂያ ቢሮ ከፒአይቢ፣ የረቂቅ ሕጎችን ማብራሪያ ከጥናት ተቋሙ ከፒአርኤስ ያያሉ። እኛም እነዚህኑ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር፣ ከአገር ውስጥ ጋዜጦች ጋር ጎን ለጎን ተጠቀምን። ጋዜጣ ከመከፈቱ በፊት መርሐ ትምህርቱ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። የጽሑፍ ፈተናው የመጀመሪያ የጠቅላላ ዕውቀት ወረቀት ታሪክን፣ ባህልን፣ ጂኦግራፊንና ማኅበረሰብን ይይዛል፤ ሁለተኛው ሕገ መንግሥትን፣ አስተዳደርንና የውጭ ግንኙነትን፤ ሦስተኛው ኢኮኖሚን፣ ሳይንስን፣ አካባቢንና ፀጥታን፤ አራተኛው ሥነ ምግባርን። ከእነዚህ በአንዱ ሥር የማይገባ ዜና ምንም ያህል ቢያጓጓ ይታለፋል። የፓርቲዎች ንትርክ ይታለፋል፤ ንትርኩን የፈታው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ግን ይያዛል። ለምሳሌ ፍርድ ቤቱ የምርጫ ቦንድ የተባለውን የፓርቲ መዋጮ ሥርዓት የካቲት 15 ቀን 2024 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሲሽረው መያዝ ያለበት ማን ስንት ሰጠ የሚለው ወሬ አይደለም፤ ውሳኔው የቆመበት አንቀጽ 19(1)(ሀ)፣ ማለትም የመራጩ መረጃ የማግኘት መብት ነው።

መጀመሪያ ላይ ሥራው የተበላሸው በብዛት ነው። አባላት በጥቅምት ወር በየቀኑ አምስትና ስድስት ገጽ ይገለብጡ ነበር፤ በኅዳር ክለሳ ሲደረግ ማንም የራሱን ደብተር መልሶ ማንበብ አልቻለም። ደብተሩ በቀን ቅደም ተከተል ስለተሞላ አንድ ጉዳይ በሰባት ቦታ ተበትኖ ይገኛል። ከኅዳር በኋላ ደብተሩ ቀርቶ ካርድ ሆነ፦ አንድ ኤ4 ወረቀት ለአራት ተቆርጦ፣ አንድ ጉዳይ በአንድ ካርድ። ፊቱ ላይ አራት መስመር አለ፦ የጉዳዩ ስምና በመርሐ ትምህርቱ ያለው ቦታ፤ አሁን ለምን ተነሣ፤ መነሻው፣ ማለትም ሕጉ፣ ስምምነቱ ወይም ተቋሙ ከነዓመቱ፤ ደረጃው፣ ማለትም ጉዳዩ አሁን የደረሰበት። ጀርባው ላይ የደጋፊና የተቃዋሚ ሁለት ሁለት ነጥብ፣ አንድ አኃዝ ከነምንጩ፣ ቦታ ካለበት ትንሽ ካርታ በእጅ ይሣላል። ከሁሉ የጠቀመን ደንብ ይህ ነው፦ መነሻው በእስክሪብቶ፣ ደረጃው በእርሳስ ይጻፋል፤ ከእርሳሱ ጽሑፍ አጠገብ «እስከ» ተብሎ ቀን ይገባል።

የእርሳሱ ነገር ቀላል ይመስላል። ብሪክስ የተባለውን የአገሮች ስብስብ እንይ። በነሐሴ 2023 ጆሃንስበርግ ላይ ስድስት አገሮች ተጋበዙ፦ አርጀንቲና፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ኢራን፣ ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች። በዚያ ወር ማስታወሻውን በእስክሪብቶ የዘጋ ተፈታኝ «ስድስት አዲስ አባላት» ብሎ ያዘ። በታኅሣሥ ወር አርጀንቲና ግብዣውን አልቀበልም አለች። ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ኢራንና ኤምሬቶች አባል ሆኑ፤ ሳዑዲን አንዱ ዝርዝር አባል ሌላው ተጋባዥ ይላታል፣ ካርዳችን ላይም ሁለቱም ተጽፏል። በጥር 2025 ደግሞ ኢንዶኔዥያ ገባች። አንድ መስመር ሦስት ጊዜ መታረም ነበረበት። የኢትዮጵያ ተማሪ እንኳ የራሱ አገር ያለችበትን ዝርዝር ከአሮጌ ማስታወሻ ሲያነብ አርጀንቲናን ጨምሮ ይቆጥራል፤ በሚኒ ሚዲያ የጠዋት ፕሮግራማችን ላይ ይኸው ስሕተት አንድ ጊዜ አልፎ በማግስቱ ታርሟል።

ረቂቅና ሕግን መቀላቀል ሌላው ወጥመድ ነው። በሕንድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ረቂቅ የሚይዘው ቁጥርና ሲጸድቅ የሚያገኘው ቁጥር አንድ አይደለም፤ ሳይጸድቁ የቀሩ ረቂቆችም ቁጥር ስለሚወስዱ ነው። በ2023 በሎክ ሳባ (በፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት) እና በክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛውን መቀመጫ ለሴቶች የሚያስይዘው ረቂቅ ቁጥሩ 128 ነበር፤ ሲጸድቅ 106ኛው ማሻሻያ ሆነ። ከዚያም በላይ የጸደቀው ሁሉ በሥራ ላይ ውሏል ማለት አይደለም፦ ይህ ማሻሻያ ቀጣዩን የሕዝብ ቆጠራና የምርጫ ክልሎች አከላለልን ይጠብቃል። የአገርና የክልል ምርጫዎች በአንድ ጊዜ ይካሄዱ የሚለው 129ኛው ረቂቅ በታኅሣሥ 2024 ለሎክ ሳባ ቀርቦ ለጋራ ኮሚቴ ተመርቷል፤ ገና ረቂቅ ነው። በአንጻሩ በቅኝ ግዛት ዘመን የወጣውን የ1860 የወንጀል ሕግ የተካው ባራቲያ ኒያያ ሳንሂታ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይሠራል። ሦስቱ ካርዶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ «ቀርቧል»፣ «ጸድቋል»፣ «ይሠራል» የሚሉት ቃላት ምን ያህል እንደሚራራቁ ይታያል።

በሚያዝያ የመጣው የኢንደስ ውኃ ጉዳይ ለካርዱ ጥሩ ፈተና ሆነ። ስምምነቱ በ1960 በዓለም ባንክ አሸማጋይነት ካራቺ ላይ የተፈረመ ነው፦ ራቪ፣ ቢያስና ሱትሌጅ ለሕንድ፤ ኢንደስ፣ ጄሉምና ቼናብ በዋናነት ለፓኪስታን። በካሽሚር ፓሃልጋም ላይ በቱሪስቶች ላይ ከደረሰው ጥቃት ማግስት፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሕንድ ስምምነቱን ማክበር ለጊዜው ማቆሟን አስታወቀች። ብዙ አባላት «ሰረዘች» ብለው ጻፉ። ስምምነቱ ግን አንዱ ወገን ብቻውን የሚወጣበት አንቀጽ የለውም፤ የሚቋረጠው ሁለቱ መንግሥታት በሚያጸድቁት ሌላ ስምምነት ነው። «ማቆም» እና «መሰረዝ» መካከል ያለው ልዩነት በጽሑፍ ፈተናው የመልሱ እምብርት ነው። ይህ ካርድ ከእኛም አካባቢ ጓደኛ አገኘ፦ የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በስድስት አገሮች ጸድቆ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል፤ ግብፅና ሱዳን አልፈረሙም። ሁለቱን ወንዞች ማነጻጸር የአባላቱ ሐሳብ ነበር፤ ከዓመቱ ጥሩ ውይይቶች አንዱም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቀን አቆጣጠሩ። የእኛ 2017 የእነርሱ 2024ንም 2025ንም ይነካል፤ «በ2016 የወጣ አዋጅ» የሚል ካርድ ለሕንድ ይሁን ለኢትዮጵያ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ያልተጻፈበት ካርድ ለባለቤቱ ይመለሳል። የወር ስምም ያታልላል፦ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት በእነርሱ ታኅሣሥ 17 ነው። የሕንድ በጀት ዓመት ደግሞ በእነርሱ ሚያዝያ 1 ይጀምራል፤ በጀቱ የሚቀርበው የካቲት 1 ነው። አኃዞቹም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንድ ላክ 100 ሺህ፣ አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ነው፤ ሕንዶች 12 ላክ ሲጽፉ 12,00,000 ብለው ነጠላ ሰረዙን ከእኛ በተለየ ቦታ ያኖሩታል። ችኩል አንባቢ 120 ሺህ ወይም 12 ሚሊዮን ያደርገዋል። በ2025 በጀት በአዲሱ ሥርዓት የገቢ ግብር የማይከፈልበት ጣሪያ ከፍ ያለው እስከዚህ 12 ላክ ሩፒ፣ ማለትም 1.2 ሚሊዮን ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር የጽሑፍ መልስ ልምምድ ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የጠቅላላ ዕውቀት ወረቀቶች በተለመደው አሠራር 20 ጥያቄ በሦስት ሰዓት ይሠራል፦ አሥሩ ባለ 10 ነጥብ በ150 ቃል፣ አሥሩ ባለ 15 ነጥብ በ250 ቃል። ሒሳቡ ለአጭሩ 7፣ ለረጅሙ 11 ደቂቃ ነው፤ ተደምሮ 180 ደቂቃ ይሞላል፣ ለማሰቢያ የተረፈ የለም። ስለዚህ ከሰባቱ ደቂቃ አንዱ ለንድፍ ይሰጣል። አንድ የሳትነው ነገር አለ፦ አማርኛ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ግስ ውስጥ ስለሚያጭቅ 150 የእንግሊዝኛ ቃል የሚይዘው ሐሳብ በአማርኛ ከመቶ ቃል ብዙም አይርቅም። መጀመሪያ 150 የአማርኛ ቃል ስንጠይቅ መልሶቹ በመደጋገም ያብጡ ነበር፤ በመቶ ቃል ስንገድበው ጠበቁ። ከይዘት በኩል ደግሞ ብዙዎቹ ጥያቄው «ገምግም» ሲል ያብራራሉ እንጂ አይገመግሙም። እርማቱ በቀይ እስክሪብቶ ሳይሆን የጥያቄውን ግስ በማስመር ተጀመረ፤ ይህ ከማንኛውም ምክር የተሻለ ሠርቷል።

ያልሠራው ነገር የወር ማጠቃለያ ነው። በየወሩ መጨረሻ ካርዶቹን ለክለሳ ማውጣት ታቅዶ ነበር፤ የካቲትና መጋቢት በመንፈቀ ዓመቱ መተላለፊያ ሥራ ስለተያዙ ሁለት ወር ዘለለ፣ የእርሳሱ ቀኖችም አረጁ። የካርታው ሥራም ከዚህ በላይ መደረግ ነበረበት።

የ2025 ማጣሪያ ፈተና የተሰጠው ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ነው። ካርዶቹ በቤተ መጻሕፍቱ የማጣቀሻ መደርደሪያ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ በአራቱ ወረቀቶች ተለይተው ተቀምጠዋል። በመስከረም ካርቶኑን የሚረከቡ አባላት መጀመሪያ የእርሳስ መስመራቸውን ሊያዩአቸው የሚገቡት አራት ናቸው፦ 129ኛው ረቂቅ ከኮሚቴው ወጥቶ እንደሆነ፤ የኢንደስ ስምምነት፤ የብሪክስ ዝርዝር፣ በ2026 ሊቀመንበሯ ሕንድ ናትና፤ የሕዝብ ቆጠራው፣ መነሻ ቀኑ መጋቢት 1 ቀን 2027 እንደሚሆን በግንቦት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ተገልጿልና የሴቶች መቀመጫ ካርድም ከዚሁ ጋር ይታረማል። ላጲሱ ካርቶኑ ውስጥ ነው።