ልጄ «ወራጅ አለ» ሲል

ለአዘጋጁ፦

ጤና ይስጥልኝ። መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ቀን ነው ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስላነሳችሁት አመሰግናለሁ። ግን «በኦቲዝም በሽታ የሚሰቃዩ ሕፃናት» የምትለዋ ነገር አልዋጥልኝ አለች። የስምንት ዓመት ልጅ አለኝ፣ ኦቲዝም አለው። የሚከብደው ነገር የለም ብዬ አልዋሽም፣ ሞልቷል። የእኛን ኑሮ የሚያከብደው ግን ባብዛኛው ሌላ ነው። አንድ ቀን ብቻ ልንገራችሁ።

ከመገናኛ አያት በሚኒባስ እየሄድን ነው። ልጄ መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል። መስኮት ዳር ይቀመጥና ጉርድ ሾላን፣ ማደያውን፣ ሲኤምሲን በየተራ መስታወቱን በጣቱ እየነካ ያሳልፋቸዋል። የዚያን ቀን መንገዱ ለግንባታ ተዘግቶ ሾፌሩ በውስጥ ለውስጥ ታጠፈ። ለሌላው ሰው አሥር ደቂቃ መዘግየት ነው። ለእሱ ምድር ከቦታዋ ተነቀለች። ጮኸ፣ ጭንቅላቱን ከፊት ካለው ወንበር ጋር ያጋጭ ጀመር፣ እኔም እጄን በግንባሩና በወንበሩ መሃል አስገብቼ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ወሬ ማብዛት ጩኸት ላይ ጩኸት መጨመር ነው። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «አሳዳጊ የበደለው!» አሉ። ሌላው «ቆንጠጥ አድርጊው እንጂ» አለኝ።

አሳዳጊ የበደለው። ስድቡ ለልጁ ይመስላል እንጂ የሚያርፈው እናት ላይ ነው።

ሁለት ዓመት ሲሞላው ስሙን ስንጠራው አይዞርም ነበር። ጆሮው ይሆን ብለን አስመረመርን፣ ደህና ነው። እንዴት ደህና አይሆን፣ የብስኩት ላስቲክ ጓዳ ውስጥ ሲቀደድ ከሳሎን ይሰማል! የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም፣ የእኔን እጅ ይዞ ዕቃው ላይ ያስቀምጠዋል። «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም» ተባልኩ። በዚህች አባባል ሁለት ዓመት አባከንኩ። ጎረቤት ቡዳ ነው አለ። የአባቱ እህት ክትባት ነው አለች (ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን የ1998 የእንግሊዝ ጥናት ያሳተመው መጽሔት ራሱ በፈረንጆቹ 2010 ሽሮታል፣ ወሬው ግን እስካሁን አልተሻረም)። ጠበልም ወስጄዋለሁ። እምነቴ ነው፣ ዛሬም እሄዳለሁ። ድምፅ የሚያመውን ልጅ በግርግር መሃል አስገድዶ ማስጠመቁን ግን ተውኩት። የንስሐ አባታችን አሁን ሰው በሌለበት ሰዓት ቀስ አድርገው ይረጩታል።

ኦቲዝም የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በቴሌቪዥን ከወ/ሮ ዘሚ የኑስ አንደበት ነው። እሳቸው በፈረንጆቹ 2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የጀመሩት ትምህርት ቤቶች ልጃቸውን አልቀበል ስላሏቸው ነበር። በ2013 ዓ.ም. አረፉ፣ ነፍስ ይማር። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም ወላጆች ናቸው የጀመሩት። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የወላጅ ልፋት ናቸው። ለዚህች ሁሉ ከተማ ታዲያ የትኛው ይበቃል? እኔም ልጄን ይዤ አንድ ትምህርት ቤት ስሄድ ርዕሰ መምህሩ «ሌሎቹ ልጆች እንዳያዩበት» አሉኝ። ምን እንዳያዩበት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ልጄ አፉን የፈታው በአምስት ዓመቱ ነው። የመጀመሪያ ቃሉ «እማዬ» አልነበረም። «ወራጅ አለ» ነበር። ቤት ውስጥ፣ ምሳ ላይ። እንዴት እንደሳቅን! ከታክሲ የሰማውን እንደ በቀቀን የሚደግም መስሎን ነበር። ለቅሶ ቤት ሰው ሲበዛበት «ወራጅ አለ»። ፀጉር ቤት ማሽኑ ሲነሳ «ወራጅ አለ»። ቆይቶ ነው የበራልኝ፣ ከዚህ አውጡኝ ማለቱ ነው። ልጁ እየለመነን እኛ እንስቅ ነበር።

አሁን ወዴት እንደምንሄድ ቀድሜ በስልኬ ፎቶ አሳየዋለሁ። መንገድ ተዘግቶ እንደሆነ ሳንሳፈር ሾፌሩን እጠይቃለሁ። ዓይኔን እየኝ ብዬ አላስገድደውም፣ ሳያየኝም ያዳምጠኛል። «ወራጅ አለ» ካለ እንወጣለን፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ቢሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አዲስ አበባ ውስጥም ተሞክሯል። እሱም እንዲህ ያለውን የቤት ውስጥ ነገር ነው የሚያሳየው፣ ተአምር የለበትም። ለምን በየጤና ጣቢያው እንደማይሰጥ ጠይቁልን እስቲ።

ደግሞ መጋቢትን አትጠብቁ። የምታለቅስ እናት ፎቶም ይቅርብን። ታክሲ ውስጥ ልጅ ሲጮህ ሰው ምን ያድርግ የሚለውን ጻፉ። ጠጋ ብሎ ቦታ መልቀቅ፣ አለማፍጠጥ፣ ካሻው እናቲቱን «ምን ላግዝሽ» ማለት፣ በቃ።

በእኛ መስመር አንድ ረዳት አለ። አንድ ቀን «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ እኛን ሲያይ ድምፁን ይቀንሳል፣ መስኮት ዳር ያለውን ሰውም «ፋዘር፣ አንዴ ጠጋ ይበሉ» ብሎ ቦታ ያስለቅቅልናል። ባለፈው ሳምንት ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቶ ልጄ «ወራጅ አለ» አለ። ረዳቱ ሳያመነታ ጣራውን መታ መታ አደረገና አስቆመው። አያት ገና አልደረስንም ነበር። ወርደን የቀረውን በእግራችን ሄድን።

አንባቢያችሁ፣ ከአያት