ራውተራችን 1962 ዓ.ም. ላይ ነቃ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አንድ አንባቢያችሁ በየቢሮው መስኮት «ሲስተም የለም» የሚባለው ነገር አንገፍግፎት የጻፈውን አነበብኩ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ከመስኮቱ ወዲያ፣ «ሲስተም የለም» ከሚሉት ወገን ነኝ። የኛንም ጉድ ላውራ ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በመስመሩ እናላክካለን። መስመሩ ግን አንዳንዴ ደህና ነው፤ የተበላሸው እኛ ራሳችን የገጣጠምነው ነው።

የምሠራው የጽሕፈት መሣሪያ የሚያስመጣ ቤት ውስጥ ነው፣ ሒሳብ ክፍል። ቢሮአችን ፒያሳ ነው፣ ማከፋፈያችን መርካቶ። በእግር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የሒሳቡም የዕቃውም ፕሮግራም ያለው ፒያሳ ባለች አንዲት ሰርቨር፣ ሁሉም በሚጋራት ዋና ኮምፒውተር፣ ላይ ነው። ድሮ የመርካቶ የቀን ሽያጭ በፍላሽ ተጭኖ፣ በልጅ እጅ፣ በታክሲ ነበር የሚመጣልን። አንድ ቀን ልጁ ፍላሿን ታክሲ ውስጥ ጥሏት ወረደ። ያኔ ጋሼ፣ ባለቤቱ፣ «ሁለቱን ቤት አገናኙልኝ» አሉ።

የመጀመሪያው ባለሙያ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ቢሮውን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ሣጥን፣ ራውተሩ፣ ላይ 3389 የሚባለውን ፖርት፣ የመግቢያ በር ማለት ነው፣ ከፈተ። የመርካቶ ካሸሮች በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ በሚያሠራው ፕሮግራም፣ ቀጥታ ሰርቨሩ ውስጥ መግባት ጀመሩ። ሻዩን ጠጣ፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ። ሠራ እኮ! ነገሩ ግን ያ በር የተከፈተው ለመርካቶ ብቻ አልነበረም፣ ለዓለም ሁሉ ነው። 3389 የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ የታወቀ ፖርት ስለሆነ ቀን ከሌት እሱን እየፈለጉ የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች አሉ። ከወራት በኋላ የሰርቨሩን መዝገብ ስንከፍት፣ ከየት እንደሆኑ የማናውቃቸው ሌሊቱን ሙሉ ስምና ፓስወርድ ሲገምቱ አድረዋል። ሰርቨሩ ላይ የደንበኞቻችን ስም፣ ስልክና የዱቤ መዝገብ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ይሄ የጋሼ የግል ጣጣ ብቻ አይደለም።

ለኛ ዓይነት ቤት የሚያስፈልገው ባለሙያዎቹ «ፖይንት ቱ ፖይንት» የሚሉት ነው። ሁለት ጫፍ ብቻ ያለው መስመር። ነገሩ አዲስ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ጊዜ ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመርም ሁለት ጫፍ ነበረው። ኢንተርኔት በስልክ መስመር በሚገባበት በሞደም ዘመን ፒፒፒ የሚባለው የኮምፒውተሮች መነጋገሪያ ስምምነት፣ ዛሬም የሚሠራበት መግለጫው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው፣ ይህንኑ ነበር የሚሠራው። ሁለቱ ጫፎች መጀመሪያ ይተዋወቃሉ፣ ቀጥሎ ማንነት ይጠያየቃሉ፣ አድራሻ የሚሰጣጡት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ለብቻችን ሽቦ ሳንዘረጋ በተራው ኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ መተላለፊያ እንሠራለን። ተነል ይሉታል። እኛ የመረጥነው ዋይርጋርድ የሚባለውን የተነል ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ አጭር ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ውስጥ ራሱ ገብቷል፣ በዊንዶውስም ይሠራል። አንዱን ጫፍ ሰርቨሩ ላይ፣ ሌላውን መርካቶ ራውተር ላይ ተከልን።

ተከልን ስል በአንድ ቀን እንዳይመስላችሁ። ሁለተኛው ባለሙያ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን የሁለቱንም ጫፍ ቁልፍ ራሱ ላፕቶፕ ላይ ሠርቶ በቴሌግራም ላከልን። ዋይርጋርድ ፓስወርድ የለውም፤ እያንዳንዱ ጫፍ የሚስጥር ቁልፍ አለው፣ ያ ቁልፍ ደግሞ ከተሠራበት ዕቃ መውጣት የለበትም። እንደገና አሠራነው። ትንሽ አኮረፈ።

ከዚያ ተነሉ ተነሳ፣ ግን ምንም አያልፍም። ለካ ፒያሳም መርካቶም ራውተሮቹ ከካርቶናቸው እንደወጡ 192.168.1 በሚጀምረው አድራሻ ነው የሚሠሩት። የመርካቶ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ሲፈልግ «ይሄማ እዚሁ ቤቴ ነው» ብሎ ተነሉን ጭራሽ አይሞክረውም። ሁለት ጎረቤት አንድ የቤት ቁጥር ይዞ እንደማለት ነው። የመርካቶውን ወደ 192.168.20 ቀየርነው። በነገራችን ላይ የዚያን ቀን ፕሪንተሩም ጠፋ፤ አድራሻው በእጅ የተሞላ ስለነበር።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ግራ የሚያጋባው ነው። ፒንግ፣ «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው አጭር ሙከራ፣ ይመልሳል። አንድ ደረሰኝ ያልፋል። የወሩን ሪፖርት ሲያዙት ግን ድርቅ ይላል። ሁላችንም «ኔትወርኩ ደከመ» አልን። ኔትወርኩ አልደከመም። መረጃ በኔትወርክ የሚሄደው በትንንሽ እሽግ ተከፋፍሎ ነው። በተለምዶ አንድ እሽግ እስከ 1500 ባይት ነው የሚይዘው፣ ዋይርጋርድ በላዩ ላይ የራሱን መጠቅለያ ስለሚጨምር ለውስጡ ዕቃ 1420 ይተዋል። መርካቶ የምንጠቀመው የሞባይል ዳታ ነው፣ የዚያ መንገድ ከዚህም ጠበብ ብሎ ተገኘ። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ በር ላይ ይቀራል። ቁጥሩን ወደ 1280 ስናወርደው ሪፖርቱ ወጣ። በሞባይል ዳታው ምክንያት ደግሞ መርካቶ የራሱ የሆነ የውጭ አድራሻ የለውም፣ ስለዚህ ጠሪው ሁልጊዜ እሱ መሆን አለበት፤ መስመሩ እንዳይዘጋበት በየ25 ሴኮንዱ «አለሁ» ይላል።

ይሄ ሁሉ አለቀ፣ ተጨባበጥን፣ ከፈልን። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ሰው ለደብተር በተሰለፈበት ሰዓት መርካቶ መብራት ጠፋ። መብራቱ ተመለሰ። ተነሉ አልተመለሰም። አንድ ቀን ተኩል በእጅ ደረሰኝ ሸጥን። ባለሙያው ልጅ መጥቶ ሲያየው የመርካቶ ራውተር ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም። መብራት በጠፋ ቁጥር ከእ.ኤ.አ. 1970 ነው የሚጀምረው፣ በኛ 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። ዋይርጋርድ ደግሞ አሮጌ ጥሪ ቀድቶ የሚያጭበረብር እንዳይኖር ሲል ከበፊቱ ያረጀ ሰዓት የያዘ ጥሪ አይቀበልም። ፒያሳ ያለችው ሰርቨር ጥሪውን ብትመልስ ጥፋት የለባትም። ትክክለኛው ሰዓት ከኢንተርኔት ይመጣል፣ ነገር ግን የመርካቶ ነገር ሁሉ በተነሉ በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። ሰዓቱ እንዲስተካከል ተነሉ ይከፈት፣ ተነሉ እንዲከፈት ሰዓቱ ይስተካከል። መታወቂያ ለማውጣት መታወቂያ አምጣ እንደሚባለው። ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ብቻ በተነሉ እንዲያልፍ፣ ሌላው በቀጥታ እንዲወጣ ሲደረግ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ስለዚህ እንደኛ ሁለት ቤት ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ፒንግ መለሰ ብላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ። ትልቅ ፋይል ከዚያም ከዚህም አስልኩ። ባለሙያው እዚያው ቆሞ እያለ የአንዱን ቤት ቆጣሪ አጥፍታችሁ ቆይታችሁ አብሩ፣ ቀጥሎ የሌላውን። ማንም ሳይነካው ከተነሳ ጥሩ። የሁለቱም ጫፍ አድራሻ፣ የተከፈተው ፖርትና የራውተሮቹ ፓስወርድ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ካዝና ውስጥ ይግባ። ልጁ ነገ ካናዳ ቢሄድስ?

እኛ አሁን ሦስተኛ ቤት ልንከፍት ነው፣ ቦሌ በኩል። ከዚያው ልጅ ጋር ተዋውለናል። ግማሹን ክፍያ የሚወስደው ቆጣሪው ጠፍቶ ከበራ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ባትሪ ያለው ሰዓት ያለበት ራውተር መርካቶ ሊያፈላልግልን ሄደ።

አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከፒያሳ