ለመመለሻው የሚሆን ቦርሳ

ልጄ፣

ትናንት የላክሽልኝን፣ ልትገዢ ያሰብሻቸውን የአራቱን የአደን ቦርሳዎች ፎቶ ሁለት ሦስቴ አየሁት። በስልክ ልመልስልሽ ብዬ ነገሩ ረዘመብኝ፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። አራቱም ያምራሉ። ሦስቱን ግን እርሺያቸው።

ቦርሳዎቹን ያየሻቸው ስትሄጂ በሚኖራቸው መልክ ነው። ጠዋት፣ ውሃ፣ ቢላ፣ የዝናብ ልብስ፣ ትንሽ ስንቅ፣ አንድ ሹራብ፣ በቃ። ለዚህማ የትኛውም ቦርሳ ይበቃል። የአደን ቦርሳ የሚፈተነው ግን ስትመለሺ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጉልበትሽ ካለቀ በኋላ፣ ጀርባሽ ላይ 30 ኪሎ ሥጋ ተጭኖ፣ መንገድ በሌለበት ቁልቁለት እግርሽን የት እንደምታሳርፊ እየፈለግሽ ስትወርጂ። ቦርሳ ስትመርጪ ያቺን ሰዓት አስቢ እንጂ ጠዋቱን አታስቢ።

እኔ ይህን ያወቅኩት ከደረሰብኝ በኋላ ነው። ያኔ አንቺ አልተወለድሽም። የነበረኝ ቦርሳ ትልቅ ነበር፤ 80 ሊትር የሚይዝ፣ ኪሱ የበዛ፣ ቀለሙ ከጫካው ጋር የሚመሳሰል። ሻጩ ምንም አይበግረውም አለኝ፤ አምኜው ወሰድኩ። ውስጡ ግን ከአንዲት ስስ ፕላስቲክ በቀር ጀርባውን ደግፎ የሚያቆም ነገር አልነበረውም። አጋዘን ጣልኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ሥጋውን ገና እየሞቀ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት። ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳልሄድ ፕላስቲኳ ታጠፈች፣ ሥጋው ወደ ታች ተንሸራቶ መቀመጫዬ ላይ ተከመረ፣ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትተኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ላለመውደቅ ወደ ፊት ጎብጬ እሄዳለሁ። ክብደቱ በሙሉ ትከሻዬ ላይ ነው። ቆይቶ የቀኝ እጄ ጣቶች ደነዘዙ። የትከሻ ማንገቻ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች ለረጅም ጊዜ ሲጫን የሚመጣ ጉዳት ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም። የሁለት ሰዓቱ መንገድ ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ።

ደርሼ ስፈታው ታፋው አጥንቱ አካባቢ ሸቷል። ጣልኩት። እጄ በሳምንቱ ተሻለው፣ ያ ታፋ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እንስሳውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ሥጋውን ደህና አድርጎ ማድረስም የኔ ዕዳ ነበር። ስለ ቦርሳ የምነዘንዝሽ ለዚህ ነው።

እና መጀመሪያ ፍሬሙን እዪ። ኪሱን፣ ቀለሙን፣ ሊትሩን በኋላ ትደርሺበታለሽ። ፍሬም ማለት የሸክሙን ክብደት ከትከሻሽ አንስቶ ወደ ዳሌሽ የሚያወርድልሽ አጥንት ነው፤ ከአሉሚኒየም፣ ከካርቦን ፋይበር ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል። ነገሩ አዲስ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ ኦትዚ የተባለው ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየ ሰው አስከሬን ሲገኝ አጠገቡ እንደ ቅስት የታጠፈ እንጨትና ሁለት ጣውላዎች ነበሩ። ብዙ ተመራማሪዎች የጀርባ መሸከሚያ ፍሬም ነው ይላሉ። ሆዱ ውስጥ ደግሞ የዋልያ ዘመድ የሆነ የተራራ ፍየልና የአጋዘን ሥጋ ተገኝቷል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ሰውዬው የሥራ ባልደረባዬ መሰለኝ። ኖርዌያዊው ኦሌ በርጋንም እ.ኤ.አ. በ1908 ከአደን ሲመለስ ሸክሙ ጀርባውን ቢያሳምመው እንጨት በጀርባው ቅርፅ አጥፎ ቦርሳው ላይ አሰረ ይባላል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው የቦርሳ ድርጅት ከዚያ የመጣ ነው።

ፍሬሙ ከውጭ ይሁን ከውስጥ የሚለው ክርክር ብዙ አያስጨንቅሽ። የውጩ ከባድና ቅርፁ ያልተስተካከለ ነገር ለማሰር ይመቻል፣ ጀርባሽም ላይ አየር ያሳልፋል፤ ግን ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ቅርንጫፍ ይይዘዋል፣ አንዳንዱም ሲራመዱበት ይንቋቋል። አውሬ ደግሞ ያን ድምፅ ይሰማል። የውስጡ ከሰውነት ጋር ይጣበቃል፣ ገደል ላይ ሚዛን አያስትም። እኔ ለአንቺ የምመርጠው የሁለቱን ቅልቅል ነው፤ ቦርሳው ከፍሬሙ ላይ ተላቆ በመሃላቸው ሥጋ የሚታሰርበት ቦታ ያለው። ከላክሽልኝ ውስጥ ሦስተኛው እንደዚያ ይመስለኛል። ፎቶው ላይ ከታች የወጣች ጠንካራ ጨርቅ አየሁ፤ ሥጋው የሚቀመጥባት መደርደሪያ እሷ ናት። ጥቅሙ ሁለት ነው። ከባዱ ነገር ከጀርባሽ ጋር ተጣብቆ ይቆያል፤ ልብስሽና ስንቅሽም ደም አይነካውም። ሸክም ከጀርባ በራቀ ቁጥር ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ያው 30 ኪሎ ሆኖ 40 ይመስልሻል።

አሁን ወደ ልኩ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቦርሳ በቁመትሽ አይለካም። የሚለካው በጀርባሽ ርዝመት ነው። አንገትሽን ወደ ፊት ስታጎነብሺ ከአንገትሽ ሥር ጎላ ብላ የምትወጣ አጥንት አለች፤ ከሷ ጀምሮ የዳሌሽ አጥንት ጫፍ እስካለበት መስመር ድረስ በሜትር ይለካል። እጆችሽን ወገብሽ ላይ ስታደርጊ አውራ ጣቶችሽ ኋላ የሚያርፉበት መስመር ማለት ነው። ረጅም ሆኖ ጀርባው አጭር የሆነ ሰው አለ፣ እንደኔ አጭር ሆኖ ጀርባው ረጅም የሆነም አለ። ስለዚህ "ለ1.65 ሜትር ሰው ይሆናል" ካሉሽ ከፍለሽ አትውጪ፤ መጀመሪያ ይለኩሽ።

የወገብ ቀበቶው የዳሌሽን አጥንት አቅፎ መቀመጥ አለበት። ሆድሽ ላይ አይደለም፣ ከአጥንቱ በታችም አይደለም። የክብደቱን አብዛኛውን የሚሸከመው እሱ ነው፤ ትከሻሽ ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ መያዝ ብቻ ነው ሥራው። ቀበቶውን በጣቶችሽ ጫን ጫን አድርጊው። ስፖንጁ እንደ ትራስ ከሰመጠ ሱቅ ውስጥ ይመችሻል፣ 30 ኪሎ ሲጫንበት ግን ተጨፍልቆ አጥንትሽን ይፈጃል። ጠንከር ያለው ነው የሚበጀው። ስታጠብቂው ደግሞ ፊት ለፊት ሁለቱ ስፖንጆች መነካካት የለባቸውም፤ የሚጠብቅ ቦታ ካልቀረው መንገድ ላይ ወደ ታች ይንሸራተትብሻል። የሴት ዳሌ ከወንድ የተለየ ነው፤ ለሴት ተብሎ የተቆረጠ ቀበቶና ጠበብ ያለ ማንገቻ ካለ እሱን ሞክሪ። የወንዱን ሰጥተው "ያው ነው" ቢሉሽ ያው አይደለም።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር፣ ከትከሻ ማንገቻው አናት ተነስተው ወደ ፍሬሙ ጫፍ የሚሄዱት ሁለት ትንንሽ ማጥበቂያዎች ናቸው። ስትስቢያቸው ሸክሙን ወደ ጀርባሽ ያስጠጉልሻል፣ ትከሻሽንም ያቀሉልሻል። ይህን የሚሠሩት ግን ፍሬሙ ከትከሻሽ በላይ ከፍ ካለና ማጥበቂያዎቹ ወደ 45 ዲግሪ ጠጋ ብለው ወደ ላይ ከወጡ ነው። ፍሬሙ ትከሻሽ ላይ ካበቃ ለጌጥ ነው የተሰፉት።

በናትሽ ባዶ ቦርሳ ለብሰሽ መስታወት ፊት ቆመሽ አትወስኚ። ባዶውማ ሁሉም ይመቻል። ክብደት እንዲጭኑልሽ ጠይቂ፤ የአሸዋ ከረጢት ያላቸው ሱቆች አሉ። ከሌላቸው ውሃ ይበቃል፣ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። 20 ኪሎ ጫኚና ግማሽ ሰዓት ተራመጂ፣ ደረጃ ውጪ፣ ውረጂ፣ ጎንበስ ብለሽ ጫማሽን እሰሪ። የሚያሳምምሽ ቦታ ካለ እዚያው ይነግርሻል።

ሊትሩን በተመለከተ፣ ቀኑን ውለሽ ለምትመለሺበት ከ30 እስከ 50 ሊትር ይበቃል፤ ሥጋው ፍሬሙ ላይ ስለሚታሰር ከቦርሳው ቦታ አይሻማም። ለሦስት አራት ቀን ከሆነ 70 እና ከዚያ በላይ ያስፈልግሻል። ባዶ ሲሆን ጥብቅ ብሎ የሚታሰር ይሁን እንጂ ትንሽ ቢተልቅ ችግር የለውም። ጨርቁ 500 ዲኒየር (የክሩ ውፍረት መለኪያ ነው) ናይለን ከሆነ ለቅርንጫፍም ለድንጋይም ይችላል፤ በጥፍርሽ ቧጨር አድርጊውና ድምፁን ስሚ፣ እንደ ፌስታል የሚንኮሻኮሸውን ተዪው። ዚፑ ወፍራም ይሁን። ዘለበት ይሰበራል፣ ሁሌም የሚሰበረው ደግሞ ሩቅ ቦታ ነው፤ ሳይሰፋ የሚቀየረውን ዓይነት አንድ ትርፍ ያዢ። የቦርሳው የራሱ ክብደት 2.5 ወይም 3 ኪሎ ቢሆን አትደንግጪ። ፍሬሙ ነው የሚመዝነው። አንድ ኪሎ ቀለለ ብለሽ ፍሬም የሌለውን ብትወስጂ ዕዳውን ጉልበትሽና ወገብሽ ይከፍላሉ።

ስለ ሥጋው አደራ የምልሽ ነገር አለ። ሙቀት ጠላትሽ ነው። እንስሳው ሲወድቅ ሰውነቱ ወደ 38፣ 39 ዲግሪ ነው፤ ሥጋው ቶሎ ከ4 ዲግሪ በታች መድረስ አለበት። ቆዳው ይገፈፍ፣ ታፋውና ወርቹ ይለያይ፣ ሽንጡ ይውጣ፣ ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ ነፋስ ይምታው። ወፍራም ሥጋ ውስጥ ያለ አጥንት ሙቀት ይዞ ይቆያል፤ የኔ ታፋ የተበላሸው በዚያ ነው። ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ አጥንቱን እዚያው አውጪው፣ ሸክምሽም ይቀላል። ፕላስቲክ ግን በፍጹም። አየር የሚያሳልፍ፣ ዝንብ የማያስገባ ከረጢት ያዢ፤ ንጹሕ አቡጀዲ የተሰፋም ይሆናል። ከሁለቱም በኩል እኩል ጫኚና ከባዱ ከወገብሽ ከፍ ብሎ ወደ ትከሻ አጥንትሽ ይጠጋ። ሥጋ ስለሚለሳለስ ይወርዳል፤ ማሰሪያዎቹን ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ አጥብቂያቸው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ቆም ብለሽ እንደገና አጥብቂ።

ሕጉን ቀድመሽ አንብቢ፤ ቦታ ከቦታ ይለያያል። ለምሳሌ በአሜሪካዋ አላስካ ግዛት ሊበላ የሚችለው ሥጋ ሳይወጣ ቀንድ ይዞ መውጣት አይፈቀድም፣ በአንዳንድ አካባቢዎችም ሥጋው ከነአጥንቱ መውጣት አለበት። እንደዚያ ከሆነ ሸክምሽ ሌላ ነው።

ሁሉንም በአንዴ ላንሳ አትበዪ። መካከለኛ አጋዘን አጥንቱ ወጥቶ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይሆናል፤ በአንድ ወይም በሁለት ጉዞ ያልቃል። ኤልክ የሚባለው ትልቁ አጋዘን ግን ወንዱ 80 ኪሎና ከዚያ በላይ ሥጋ ይወጣዋል። ለብቻሽ ሦስት አራት ጉዞ ነው። እንግዲህ ከመተኮስሽ በፊት ይህን ቁጥር በልብሽ ያዢ፤ ከመኪናው ምን ያህል ርቀሻል፣ ስንት ዳገት አለ፣ ስንት ሰው ናችሁ፣ ቀኑ ይሞቃል ወይ። ማውጣት የማትችይበት ቦታ ከሆነ አትተኩሺ። እኔ ሁለቴ ጠመንጃዬን አውርጄ ተመልሻለሁ፣ ሁለቱንም ቀን ደስ እያለኝ አስታውሳቸዋለሁ።

ከባድ ቦርሳ ከመሬት አንስተሽ ትከሻሽ ላይ አትወርውሪ፤ ወገብ የሚሄደው እንደዚያ ነው። ጉቶ ወይም ድንጋይ ላይ አስቀምጪው። ከሌለ መሬት ላይ አቁመሽው ፊቱ ተቀመጪ፣ ማንገቻውንና ቀበቶውን እሰሪ፣ ተንበርከኪ፣ ከዚያ በአንድ እግር ተነሺ። ሁለት ምርኩዝ ያዢ፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበትሽን ያድኑልሻል። ጠመንጃው ጥይቱ ወጥቶ ቦርሳው ጎን ይታሰር። ቀንድ ወይም ቆዳ ከተሸከምሽ ደግሞ ደማቅ ብርቱካናማ ጨርቅ ከላይ እሰሪበት፤ ሌላ አዳኝ ከሩቅ ሲያይሽ አጋዘን እንዳትመስይው። ይህቺን አትርሺብኝ።

ስትመለሺ ቦርሳውን የዛኑ ቀን እጠቢው፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። ጥላ ውስጥ አንጠልጥለሽ በደንብ ይድረቅ።

ሦስተኛውን ገና አትግዢው። ይዘውልሽ ይቆዩ በያቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሜትሬንና ሁለቱን ባለ 10 ሊትር ጀሪካኖች ይዤ እመጣለሁ፤ ጀርባሽን ለክተን አብረን እንሂድና ጭነን እንሞክረው። የምትለብሺውን የአደን ጫማ አድርገሽ ጠብቂኝ።

አባትሽ