ደብዳቤ ለልጄ፦ ስም ከመጻፍሽ በፊት

ውድ ልጄ ቤዛዊት፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሻንጣሽን አሁንም ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ በርበሬውን ከልብሱ ለይቼ ልቋጥር እያለች ነው።

ወደ መካከለኛው አሜሪካዋ ጓቴማላ ስለምትሄጂበት የመሬት ምዝገባ ሥራ ለወንድምሽ የላክሽለትን መልእክት አሳየኝ። «በመጀመሪያው ሳምንት የእያንዳንዱን አባወራ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ማሳ በታብሌት መዝግበን እንጨርሳለን» ብለሻል። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ጎጃም ውስጥ አረንጓዴውን የመሬት ደብተር ስታድሉ ገበሬው በደስታ ስሙን ሲያስጽፍ አይተሻል። ጓቴማላ ግን እንዲያ አይደለችም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ስሚኝ፦ መዝገቡ በመጨረሻ ማን እጅ እንደሚገባ ሳታውቂ የሰው ስም አትጻፊ።

ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

የምትሄጂበት ክፍለ ሀገር አልታ ቬራፓስ፣ ከአገሬው የማያ ሕዝቦች አንዱ የሆኑት የቄቅቺዎች አገር ነው። ከ1871ቱ የሊበራሎች አብዮት በኋላ ሁስቶ ሩፊኖ ባሪዮስ ሥልጣን ሲይዝ፣ የመንግሥት ሐሳብ ሁሉ ቡና ሆነ። ለቡና መሬትና ጉልበት ያስፈልጋል። ወረቀት የሌለው የቄቅቺ መሬት ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ለቡና ባለሀብቶች፣ በከተማው በኮባን ዙሪያ በተለይ ለጀርመኖች፣ ተሸጠ። መንደሩ ከነሰዎቹ በእርሻው ክልል ውስጥ ቀረና ገበሬው በአያቶቹ መሬት ላይ የእርሻው ጭሰኛ ሆነ። የንብረት መዝገብ ቤቱ በ1877 ተቋቋመ፤ ሠራተኛን በዕዳና በግዳጅ ከቡና እርሻ ጋር የሚያስረው ደንብም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። አምባገነኑ ፕሬዚዳንት ሆርሄ ኡቢኮ ደግሞ በ1934 መሬት የሌለውን ወይም ትንሽ ያለውን ሰው ሁሉ እንደ ቦዘኔ ቆጥሮ፣ በዓመት 100 ወይም 150 ቀን ለሌላ ሰው መሥራቱን የሚያሳይ ደብተር እንዲይዝ አስገደደ። ደብተሩ ያልተሞላ ሰው ይታሰር ነበር። አንቺ መዝጋቢ ሆነሽ ስትመጪ የሽማግሌዎቹ ልብ ውስጥ ያለው ይህ ነው።

አሁን ወደ 1952 ልውሰድሽ። ከቅየሳው ምክር ይልቅ ይህ ታሪክ ገጹን ቢወስድብኝም ታገሺኝ፤ ሳታውቂው እንድትሄጂ አልፈልግም።

በ1950 ቆጠራ መሠረት ከእርሻዎቹ 2 በመቶ ገደማ የሆኑት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነውን መሬት ይዘው ነበር። ፕሬዚዳንት ሃኮቦ አርቤንስ ሰኔ 17 ቀን 1952 አዋጅ ቁጥር 900ን አወጣ። አዋጁ ከ2 ካባዬሪያ፣ ማለትም ከ90 ሄክታር፣ በታች የሆነ እርሻ አይነካም። የሚወስደው ከትልልቆቹ ያልታረሰውን ነው። ካሳውም ባለቤቱ ራሱ ለግብር ባሳወቀው ዋጋ፣ 3 በመቶ ወለድ በሚያስገኝ የ25 ዓመት ቦንድ ይከፈላል። አሠራሩም ከታች ነበር የሚጀምረው። ገበሬው ለአካባቢው የመሬት ኮሚቴ ያመለክታል፤ ከ5ቱ አባላት አንዱን አገረ ገዢው፣ አንዱን ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሦስቱን ገበሬዎቹና ማኅበራቸው ይመርጣሉ። ኮሚቴው ማሳውን አይቶ ይወስናል፤ ይግባኙ ወደ ክፍለ ሀገር፣ ከዚያም ወደ ዋናው የመሬት መሥሪያ ቤት ያልፋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 100,000 ቤተሰብ መሬት አገኘ።

ምን አበላሸው? አንደኛ፣ ጎረቤት መንደሮች አንዱን መሬት ሁለቱም ጠየቁ፤ የድሮው ወሰን ስላልተጣራ ተጋጩ። ሁለተኛ፣ በ1953 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክፍፍሉን ሲያግድ ምክር ቤቱ ዳኞቹን አባረረ፤ ለጠላቶቹ ጥሩ ሰበብ ሰጠ። ሦስተኛው ትልቁ ነው። ዩናይትድ ፍሩት የተባለው የአሜሪካ ሙዝ ኩባንያ የመሬቱን ዋጋ ለግብር ዝቅ አድርጎ ሲያሳውቅ ኖሮ 627,572 ዶላር ካሳ ቀረበለት፤ የአሜሪካ መንግሥት ግን ከ15.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀለት። በሰኔ 1954 በአሜሪካ የስለላ ድርጅት በሲአይኤ የታጠቀው፣ በስደት የነበረው መኮንን ካስቲዮ አርማስ ከሆንዱራስ ገባ፣ አርቤንስም ሰኔ 27 ሥልጣኑን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ያንቺ ጉዳይ። መሬቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ለቀድሞ ባለቤቶቹ ተመለሰ። ኮሚኒዝምን እንዲከላከል የተባለ ኮሚቴም በዚያው ዓመት ከ70,000 በላይ ስም መዘገበ። ማመልከቻ ላይ የፈረመ፣ በኮሚቴ የተመረጠ ገበሬ ስሙ ቀድሞ ወረቀት ላይ ነበረና ማን እንደሆነ መፈለግ አላስፈለገም። ቤዛ፣ ማን እጅ እንደሚገባ ሳታውቂ ስም አትጻፊ የምልሽ ለዚህ ነው።

በኋላ የመጣው የእርስ በርስ ጦርነት ከ1960 እስከ 1996 ቆየ፤ እውነት አፈላላጊው ኮሚሽን የተገደሉትንና የጠፉትን ከ200,000 በላይ አድርጎ ይገምታል፤ ማንነታቸው ከታወቀው 83 በመቶው ማያዎች ናቸው። ከምትሠሪባቸው ቦታዎች አንዱ በሆነው በፓንሶስ፣ ግንቦት 29 ቀን 1978 ገበሬዎች ስለ መሬታቸው ደብዳቤ ይዘው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሲመጡ ወታደሮች ተኮሱባቸው፤ ኮሚሽኑ 53 ሙታን ቆጥሯል። ፊት ሆነው ከመጡት አንዷ አዴሊና ካአል፣ ሰዎቹ ማማ ማኪን የሚሏት አሮጊት ነበረች። በሪዮ ኔግሮ ደግሞ ለቺሾይ ግድብ የሚነሡት ሰዎች ስምምነታቸው የተጻፈበትን ብቸኛ መዝገብ በ1980 ሁለት ተወካዮቻቸው ይዘው ሄዱ። ሰዎቹ ተገድለው ተገኙ፤ መዝገቡ አልተገኘም። መጋቢት 13 ቀን 1982 የዚያው መንደር 70 ሴቶችና 107 ሕፃናት ተፈጁ። በፖሎቺክ ሸለቆ በመጋቢት 2011 ከ700 በላይ ቤተሰቦች ከማሳቸው ተባርረዋል። ይህ የሩቅ ዘመን ነገር አይደለም።

የኛን አገር ደብተር እንዳታስቢ። እኛ ጋ መሬት አይሸጥም፤ ደብተሩ የመጠቀም መብት ነው። እዚያ ካርታ ያለው መሬት ይሸጣል፣ ይያዛል። በሰሜኑ ክፍለ ሀገር በፔቴን ካርታ ከወጣላቸው የቄቅቺ ቤተሰቦች ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለከብት አርቢና ለፓልም እርሻ ሸጠው ወጥተዋል። በግል መመዝገብ ይሻላል ወይስ በጋራ፣ እሱን የሚወስነው የመንደሩ ጉባኤ ነው፤ አንቺም አሠሪሽም አይደላችሁም።

አሁን ሥራውን ልንገርሽ፤ ጻፊው። ወደ መስክ ከመውጣትሽ በፊት የእያንዳንዱን እርሻ የፊንካ (የይዞታ)፣ የፎሊዮ (የገጽ)ና የሊብሮ (የመዝገብ መጽሐፍ) ቁጥር ይዘሽ ከመዝገብ ቤቱ ማስረጃ አውጪ፤ ከዋናው ፊንካ ተቆርሶ የወጣውን ሁሉ ወደ ኋላ ተከተዪ። የተመዘገበው ስፋትና መሬት ላይ ያለው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ገበሬው በአገሩ የስፋት መለኪያ «ሁለት ኩዌርዳ አለኝ» ሲልሽ የአንዱ ኩዌርዳ ጎን ስንት ባራ እንደሆነ ሳትጠይቂ አታስዪ። ባራ የርዝመት መለኪያ ነው፣ 0.8359 ሜትር። ባለ 20 ባራ ኩዌርዳ 280 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን ባለ 40ው 1,118 ነው፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። ሌላው የስፋት መለኪያ ማንሳና ከ7,000 ካሬ ሜትር ጥቂት ያንሳል፣ ካባዬሪያ 45 ሄክታር ገደማ ነው። ዓለምን በዞን በሚከፍለው የካርታ መጋጠሚያ፣ በዩቲኤም፣ ከሠራሽ ኮባን በዞን 15፣ ፓንሶስ በዞን 16 ይወድቁብሻል፤ ስለዚህ አገሪቱ በሙሉ በአንድ ዞን የምትጠቀምበትን የራሷን መጋጠሚያ፣ ጂቲኤምን፣ ያዢ፣ ማዕከላዊ መስመሩ 90.5 ዲግሪ ምዕራብ፣ ስኬሉ 0.9998። የድሮ ካርታዎቹ ናድ 27 በተባለው የቆየ የልኬት መነሻ ስለተሠሩ ሳትቀይሪ አትደርቢያቸው።

የጥንቱን የመሬት ወረቀት ሽማግሌዎቹ ቢያሳዩሽ ከቤት አታውጪው። ፎቶ ማንሳት ካስፈለገ ጉባኤው ይፍቀድ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ቅጂው እነሱ ዘንድ ይቅር። ታብሌቱ ላይ የማሳ ቁጥር ብቻ አስገቢ፤ ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው ደብተር መንደሩ ውስጥ ይቀመጥ። አሠሪዎችሽ እንቢ ካሉ ፋይሉ የት አገር እንደሚቀመጥና ማን ሊከፍተው እንደሚችል በጽሑፍ ጠይቂያቸው፤ መልስ እስኪሰጡሽ ድረስ አንድም ስም አትጻፊ። ሴቶቹን የምታነጋግሪው በሴት አስተርጓሚ ይሁን፤ ብዙዎቹ ስፓኒሽ አይናገሩም።

ተቆጣሁሽ መሰለኝ። ልብሽን አውቀዋለሁ፣ ለእነዚያ ሰዎች መልካም ልታደርጊ ነው የምትሄጂው። ሰዎቹ ደግሞ ጠንካሮች ናቸው። በ2023 ቤርናርዶ አሬቫሎ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ ዐቃቤ ሕግ የምርጫ ቦርዱን ቢሮ ፈትሾ የድምፅ ቆጠራውን ቃለ ጉባኤዎች ወሰደ። ይህን በመቃወም ጥቅምት 2 ቶቶኒካፓን በተባለው ክፍለ ሀገር የ48 ቀበሌዎች የማያ መሪዎች መንገድ ዘግተው ተነሡ፣ በዋና ከተማው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ፊት ከ100 ቀን በላይ ሰነበቱ። አሬቫሎ ጥር 15 ቀን 2024 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቃለ መሐላ ፈጸመ። አንቺ ግን የውጭ ሰው ነሽ፤ ሰልፍ ካየሽ ዞር በዪ፣ ፎቶም አታንሺ።

ኮባን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ካፊያው አያቋርጥም፤ ለመሣሪያሽ ውኃ የማያስገባ ሽፋን ያዢ። ፓንሶስ ቆላ ነው፣ ረጅም እጅጌና የትንኝ መከላከያ አትርሺ። ከዋና ከተማው ወደ ኮባን በቀን ብቻ ተጓዢ። እንደደረስሽ መጀመሪያ ለእናትሽ ደውዪ፣ ለእኔ ደግሞ የአሠሪዎችሽን መልስ ላኪልኝ።

አባትሽ