አዳኝ ውሻ ለመንጋ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የውጭ ዝርያ ቡችላ ገዝተው ወደ ገጠር የሚወስዱ ሰዎች በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ዘወትር ይጠይቁናል፦ «አዳኝ ዝርያ ነው ተብሎ ነው የተሸጠልን፤ በጉንም ማሳውንም ይጠብቅልናል?» ባጭሩ፣ አይጠብቅም። ምክንያቱን ሌሎች አንባቢዎችም ገንዘባቸውን ሳያወጡ ቢያውቁት ብለን ጽፈናል።

አዳኝ ውሾች እያንዳንዳቸው ለአንድ ሥራ ተመርጠው የተዳቀሉ ናቸው። ግሬይሀውንድ የሚያድነው በዓይኑ ነው፤ በአጭር ርቀት በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ሜዳ ላይ ነው ታዲያ። በደላንታ ቁልቁለትና ድንጋይ እንዲያ ቢሮጥ እግሩ ይሰበራል፤ ጸጉሩም ስስ ስለሆነ የደጋውን ውርጭ አይችልም። ቢግልና ብለድሀውንድ ዱካ የሚከተሉ ናቸው፤ ሽታ ከያዙ ጠሪ አይሰሙም፣ መንጋውን ጥለው ይሄዳሉ። ፖይንተር ወፍ ሲያሸት ቀጥ ብሎ ቆሞ ለባለጠመንጃው ይጠቁማል፣ ላብራዶር የተመታውን ዳክዬ ሳይጎዳ ከውሃ ያመጣል፤ ሁለቱም ጅብ እንዲገጥሙ የተዘጋጁ አይደሉም። ዳክስሁንድ ጉድጓድ ገብቶ አውሬ ያስወጣል፤ እኛ ዘንድ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠብቀው ጃርት ነው። ጃርት ወደ ኋላዋ ተንደርድራ እሾኋን ፊቱ ላይ ትሰካበታለች፤ በፒንሳ ከሥሩ ተይዞ ቀጥ ብሎ ካልተሳበ ውስጥ ተሰብሮ ይመግላል።

ዋናው ችግር ግን ይህ አይደለም። አዳኝ ውሻ የሚሮጥ ነገር ሲያይ ደሙ ይፈላል፤ በግ ደግሞ ሲደነግጥ ይሮጣል። የመንጋ ውሻ ከበጎቹ የማይርቅ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚጮህ፣ የሸሸ አውሬ ተከትሎ የማይጠፋ መሆን አለበት። የቱርኩ ካንጋል እንዲህ ያለ ነው። በናሚቢያም የቅርብ ዘመዱ የሆነው የአናቶሊያ እረኛ ውሻ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍየልና በግ ከአቦሸማኔ እንዲጠብቅ ለገበሬዎች ይሰጣል። ነገር ግን 50 ኪሎ የሚመዝን ውሻ መቀለብ ለአብዛኛው የወሎ ገበሬ ከባድ ነው።

የሚያዋጣው የአገራችን ውሻ ነው። እናቲቱ ከመንጋ የማትለይ ከሆነች ቡችላውን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆነው ወስዶ፣ በረቱ ውስጥ ከግልገሎች ጎን ከልሎ ማሳደር ነው። ምግቡንም እዚያው ይብላ፤ ውሻ በበላበት ይጮሃል። ልጆች ቀኑን ሙሉ ካጫወቱት ልቡ ከቤት ይቀራል። ከአምስት ወሩ እስከ ዓመቱ ግልገል በጨዋታ የሚያባርርበት፣ ጆሮ የሚያኝክበት ዕድሜ ነው። ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ የሚያስወግደው ያኔ ነው፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የሚያልፍ ጠባይ ነው። ከአንገቱ ማሰሪያ አጭር ዱላ በገመድ አግድም ይንጠልጠልለት፤ ሲራመድ አያስቸግረውም፣ ሲሮጥ ግን ጉልበቱን ይመታዋል። እስኪታረም ድረስ ሰው ሳይኖር አራስ በግ አጠገብ አይተው።

ዝንጀሮ ላይ አንድ ውሻ ብቻውን አይለቀቅ፤ የአውራው ክራንቻ ውሻ ይዘነጥላል። ሰው አብሮት ይውጣ።

የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን እንደማይቻል በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ተደንግጓል። ከዚህም በላይ ልቅ ውሻ በደላንታ፣ በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ከቀይ ቀበሮ ጋር ይገናኛል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ ቁጥሩም 500 ገደማ ቢሆን ነው። በ1991 እና 1992 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ቡችላ በሦስት ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይከተብ። ሰው ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችንም የምንለምነው፣ የውሻ ክትባት ሲመጣ ቀይ ቀበሮ ከሚኖርበት ግጦሽ አጠገብ ላሉት ቀበሌዎች ቅድሚያ እንዲሰጡ ነው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ ከደቡብ ወሎ