የአባባን ፎቶ ለጠየቅሽኝ

ደሴ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ውድ እህት ዓለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል እላለሁ። ባለቤትሽና ልጆችሽ ደኅና ናቸው? ካንቺ ዘንድ ያሉት እማማስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔና እናቴ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ሰርግ በሌለበት ወቅት ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን ገብቶ በዚያው ሳምንት ረመዳን ስለ ተከተለ፣ ደሴ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን በአንድ ጊዜ ጸጥ ብላለች። ከጥምቀት ማግስት እስከ ቅበላ ባሉት አራት ሳምንታት ግን ቅዳሜና እሑድ ከሰርግ ቤት ወደ ሰርግ ቤት ስሮጥ፣ በአዘቦቱ ቀን ደግሞ ሌሊቱን ፎቶ ስመርጥና ሳስተካክል ከርሜ፣ እጄ ያረፈው ገና አሁን ነው። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ዝም ያልኩሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አላታልልሽም። አባባ ካረፉ በኋላ በ2014 የላክሽልኝን መልእክት በደረሰኝ ቀን አንብቤዋለሁ፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «በኒካሁ ዕለት አባዬ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ ያነሣሻቸውን ፎቶ ላኪልኝ» ነበር ያልሽኝ። ያልመለስኩልሽ ፎቶው ስለሌለኝ ነው፤ የለኝም ብዬ ለመጻፍ ደግሞ ድፍረት አጣሁ።

የሆነውን ልንገርሽ። በ2014 ጥቅምት 20 ገደማ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እናቴን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ስወጣ በትከሻዬ ያንጠለጠልኩት አንድ ካሜራና ሁለት ሌንስ ብቻ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ያነሣኋቸው ሰርጎች ያሉባቸው ሰባት ሃርድ ዲስኮች ደሴ ፒያሳ ባለው ስቱዲዮዬ መሳቢያ ውስጥ ቀሩ። ለሳምንት ወጥቼ የምመለስ መስሎኝ ቆልፌባቸው ሄድኩ፤ በቦርሳዬ ቢያዙ ኖሮ ከአንድ ጋቢ የበለጠ ቦታ አይወስዱም ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ተለቅቃ ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ ኮምፒዩተሩ፣ መብራቶቹና ዲስኮቹ በሙሉ ተወስደው፣ ከግድግዳው ላይ የተቀደደው መጋረጃ ብቻ ቀርቶ ነበር። የእናንተን ቤት ለማየት ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወረድኩ። አልበማችሁ ከቁም ሳጥኑ ጋር መጥፋቱን የነገሩኝ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። የ2009ኙ ሰርግሽ በዓለም ላይ የነበረው በእነዚያ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነበር፤ እኔ ጠባቂው ሆኜ ሁለቱንም አጣሁልሽ።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርሽን ለብዙ ሰው አላወራሁትም። እንደምታውቂው በሙስሊም ሰርግ የሴቶቹ ክፍል ወንድ አንሺ አይገባበትም፤ በዚህ ከተማ ሴት ሆኜ ካሜራ በመያዜ ብዙ ሥራ ያገኘሁትም በዚያ በኩል ነው። ሙሽራዋ ሂና ስትቀባ፣ ጸጉሯ ሲሠራ፣ ከእህቶቿና ከጓደኞቿ ጋር ስትጨፍር ያነሣኋቸው ፎቶዎች የእሷና የቤተሰቧ ብቻ ናቸው፤ በመስኮቴ አልሰቅላቸውም፣ በስልክ አልለጥፋቸውም፣ የሚረዳኝ ልጅ እንኳ አያያቸውም። እነዚህ ሁሉ ከዲስኮቹ ጋር በማላውቀው ሰው እጅ ገቡ። ታኅሣሥን ሙሉ ከሸዋበር እስከ ሰኞ ገበያ፣ ከዚያም የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ድረስ ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ ለእያንዳንዷ ሙሽራ የሆነውን በራሴ አፍ ነገርኩ። አንዳንዷ አልቅሳ አጽናናችኝ፤ አንዷ በሩን ዘጋችብኝ፤ አልፈረድኩባትም። ሌላ ሰው ሰምቶ ከሚነግራቸው እኔ ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ነበር የዞርኩት፤ ዛሬም ይህን በማድረጌ አልጸጸትም። አሁን የሴቶች ክፍል ፎቶ የማስቀምጥበት ዲስክ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነው፤ ሙሽራዋ ቅጂዋን ተቀብላ አይታ ካረጋገጠችልኝ በኋላም የእኔን አጠፋዋለሁ። የሌላውን ሰርግ ግን በሦስት ቅጂ እይዛለሁ፤ አንዱ ስቱዲዮ፣ አንዱ እናቴ ቤት፣ አንዱ አዲስ አበባ ወንድሜ ዘንድ ይቀመጣል። ቀብድ ስቀበልም ከአልበሙ በተጨማሪ ሁሉንም ፎቶ በፍላሽ እንደምሰጣቸውና በሌላ ሰው ቤትም እንዲያስቀምጡ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ።

ያኔ ቤት ለቤት ስዞር ሥራዬን ጭምር የለወጠ ነገር አየሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሙሽራና ሙሽሪት ፎቶ አልነበረም። «አያቴ ከበስተኋላ የተቀመጡበት ነበር»፣ «ወንድሜ ከሚዜዎቹ ጋር የቆመበት አለሽ?»፣ «እናቴ ወጥ ቤት ሳለች አንሥተሻት ነበር ወይ?» እያሉ ነበር የሚጠይቁኝ። እኔ ግን እንደ ማንኛውም የሰርግ ፎቶ አንሺ ቀኑን ሙሉ ሌንሴን በቬሎው ላይ ተክዬ የኖርኩ ሰው ነበርኩ፤ አያት፣ ወንድምና እናት የተገኙት ከፍሬሙ ጥግ ደብዝዘው ነው። ዛሬ ሙሽሮቹ ለብሰው እስኪወጡ ድረስ ያለውን ሰዓት በሙሉ ለቤተሰቡ አውለዋለሁ። ወጥ ቤት እገባለሁ፤ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ እንግዳ ለየብቻ የሚሠራውን ወጥ የሚያማስሉትን ሴቶች አነሣለሁ፤ በዳሱ ጥግ ምርኩዛቸውን ይዘው የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ፣ በስማቸው እየጠራሁ፣ ፊታቸውን ሞልቼ አነሣለሁ። ሙሽሮቹ አንዳንዴ «ለምን እኛን አታነሺም?» ይሉኛል። ከዓመት በኋላ አልበማቸውን ሲገልጡ ግን መጀመሪያ የሚጠቁሙት እነዚያን ገጾች ነው።

ጉልበት የሚሳምበትን ጊዜም እንደ ድሮው አላነሣውም። ድሮ ከሙሽሮቹ ጀርባ ቆሜ ነበር የማነሣው፤ የሚገኘው የሱፍ ጀርባና የቬሎ ጅራት ብቻ ነው። አሁን ቀድሜ ከወላጆቹ ወንበር ጎን መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ይዤ እጠብቃለሁ፤ እናት የልጇን ራስ ይዛ ቀና የምታደርግበት ቅጽበት ሁለትና ሦስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ድገሙልኝ ብዬ ባስደግመው ደግሞ የመጀመሪያው እንባ አይመለስም። ለኒካሁ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙሽራው ከሙሽሪት ወሊ፣ ማለትም እሷን ወክሎ ከሚድራት ሰው፣ ጋር ተቀምጦ፣ ለሙሽሪት የሚሰጣት መህር ተነግሮ፣ ምስክሮች ባሉበት ቃሉ ሲጸና ሙሽሪት በዚያ ክብ ውስጥ የለችምና አንሺው ከሁለት ቦታ አንዱን መምረጥ አለበት። ያንቺ ዕለት እኔ ካንቺ ጋር ውስጥ ነበርኩ። አባባ ብቅ ብለው «ይቺ ልጄ ናት፣ ትግባ» ባይሉኝ ኖሮ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ባልገባሁም፣ ያቺም ፎቶ ባልተነሣች ነበር።

ስለ ብርሃንም ትጠይቂኝ ስለነበር ትንሽ ልጨምርልሽ። ካሜራ ከፊቱ ያለውን ሁሉ እንደ መካከለኛ ግራጫ ቆጥሮ ነው ብርሃንን የሚለካው። ቬሎና ነጠላ የሞላበትን ክፍል ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ ነጩ ልብስ አመድ ይመስላል፣ የሰው ፊትም ይጠቁራል። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ሲደረደሩ ደግሞ በተቃራኒው ፊታቸውን ያገረጣዋል። ስለዚህ የምለካው ከልብሱ ሳይሆን ከሙሽራዋ ጉንጭ ላይ ነው። በዚህ ብዙ ደክሜ የጠይም ፊትን ትክክለኛ መልክ ካወጣሁ በኋላ «ቀላ አድርጊልኝ» የምትል ሙሽራ ስትመጣ ከልቤ አዝናለሁ። ከእናቷ አጠገብ ቆማ የእናቷን መልክ ያጣች ልጅ ማተም ስለማልፈልግ እምቢ እላለሁ፤ በዚህ ምክንያት ደንበኛ አጥቻለሁ፣ ወደፊትም አጣ ይሆናል።

ደሴ ውስጥ የማታው ብርሃን እንደምታውቂው አጭር ነው። ፀሐይ 12 ሰዓት ሳይሞላ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ትገባና ከተማው በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ጥላ ይለብሳል፤ የምሳው ፕሮግራም ከዘገየ የጥንዶቹ ፎቶ ይበላሻል። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ወደ ሐይቅ እወስዳቸዋለሁ፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ውሃው ብርሃኑን እየመለሰ ፊትን ከሥር ስለሚያበራ ድካሙ ይካሳል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቋቋሙት የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባበት ሙሽሪትም እኔም ከዳር ሆነን ዛፎቹን ብቻ እናያለን፤ ለእኔ ግን ከሩቅ የሚታየው ያ አረንጓዴ ከማንኛውም የስቱዲዮ መጋረጃ ይበልጥብኛል። ኮምቦልቻ ከሆነ ደግሞ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቆላ ቀመስ ቦታ በመሆኑ ሙሽሪት ሜካፕዋ በላብ ሳይፈርስ በጠዋት መጨረስ አለብኝ።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ከዘረፋው በኋላ ኮምፒዩተርና መብራት የገዛሁት በዕቁብ ነው። ሁለተኛ ካሜራ ልጨምር ስቆጥብ የ2016 ሐምሌ የምንዛሪ ለውጥ መጣ። 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሲሆን የቆጠብኩት ግማሹን እንኳ የማይገዛ ሆነ። አንድ ካሜራ በሰርግ መሐል ቢቆም ምን እንደሚሆን ሳስብ አሁንም እንቅልፍ የማጣበት ሌሊት አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ባለፈው ጥር አንዲት የቧንቧ ውሃ ልጅ ሰርጓን እንዳነሣላት ልትዋዋል ወደ ስቱዲዮ መጣች። የታላቅ እህቷን ሰርግ በ2010 ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። እናትየው «ፎቶ ካልታተመ የለም» የሚሉ ሰው ስለነበሩ፣ እኔ በአልበም ከሰጠኋቸው ሌላ የተቀሩትን በራሳቸው ገንዘብ አሳትመው በቆርቆሮ ሳጥን ይዘዋቸው ነበር። ከተማው በተጨነቀ ጊዜም ሳጥኑን ገጠር ዘመድ ቤት ልከውት ተርፏል። ስጠይቃቸው አወጡልኝ። እየገለጥኩ ሳለሁ አባባን አገኘኋቸው።

በጋብቻው ሽማግሌ ሆነው ገብተው ነበርና ሲመርቁ ነው ያነሣኋቸው። ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ አፋቸው በከፊል ተከፍቷል፤ «ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ» የሚሉበት ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። አጠገባቸው ያሉት ቄስ መስቀል የያዙበት እጅ ብቻ ይታያል፤ የቀረውን እኔው ቆርጬዋለሁ። ከፊታቸው የሙሽራው ትከሻ ደብዝዞ ገብቷል። ጥሩ ፎቶ አይደለም፤ የጠየቅሽኝም እሱ አይደለም። ፊታቸው ግን ጥርት ያለ ነው፤ በግራ ዓይናቸው ሥር ያለችው ጠባሳ እንኳ ትታያለች።

ዋናው ፋይል ስለጠፋ የታተመውን በስካነር አንሥቼ፣ አቧራውንና ጭረቱን ብቻ አጽድቼ፣ መልካቸውን ሳልነካ በ20 በ30 መጠን ሁለት አሳተምኩ። አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለእማማ ነው። ደብዳቤውንና ፎቶዎቹን ወደ እናንተ ለሚሄድ ሰው በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ ፋይሉንም ለየብቻ እልክልሻለሁ። ፍሬም ስታስገቢው ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አትስቀዪው፣ ቀለሙ ይሸሻል። አላህ ይርሐማቸው። ለቅሶ ቤት ያልተገኘሁትንና አራት ዓመት አንቺን ያስጠበቅኩትን ይቅር በይኝ።

በፎቶው ጀርባ ዓመቱንና የቆሙትን ሰዎች ስም በእርሳስ ጽፌያለሁ። ከአባባ በስተግራ ያሉትን፣ ግራጫ ኮት የለበሱትንና ከዘራ የያዙትን ሽማግሌ ግን እኔም የሰርጉ ቤተሰቦችም ለይተን አላወቅናቸውም። እማማ ያውቋቸው ይሆናልና ጠይቀሽ ጻፊልኝ፤ የእሳቸውም ልጆች ፎቶ የላቸው ይሆናል።

እህትሽ፣
ከደሴ