ስለ ደብል መምታት ልጠይቅሽ

እንዴት ነሽልኝ የኔ እናት? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ እማማ ሁሉም ደህና ናቸው? ስንት ዘመን ተጠፋፋን! መደወል እችል ነበር። ይሄ ግን በስልክ የሚወራ አልሆን አለኝ።

ስለ ማሙሽ ነው። ሰባት ዓመት ሞልቶት ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። ማንበብ የጀመረው ግን አራት ዓመት ሳይሞላው ነው፤ በታክሲ መስኮት ታፔላ እያየ። አሁን የእህቱን የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እወስደዋለሁ። ሰሞኑን ስለ እሳተ ገሞራ አንብቦ "የኤርታሌ እሳት ለምን በርዶ ድንጋይ ሆኖ አይቀርም?" ሲል ከአባቱ ጋር ተያየን።

ይሄን ለማን አወራዋለሁ? ለጎረቤት ስነግር "ታድለሽ፣ ምን ቸገረሽ!" ይሉኛል። አማቴ ደግሞ "ዝም በይ፣ የሰው ዓይን አለ" ይላሉ። ጎበዝ ልጅ ራሱን ያሳድጋል የሚሉት ነገር ያናድደኛል። አያሳድግም።

ባለፈው ማታ "ቀ"ን እየጻፈ እግሯ ጠመመችበት። በላጲስ ፈተጋት። ደግሞ ጻፋት፣ ደግሞ ፈተጋት። ወረቀቱ ሲቀደድ ደብተሩን ወርውሮ አልጋ ሥር ገባ። "እኔ ደደብ ነኝ" እያለ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው። ሐሳቡ የትልቅ ሰው፣ እጁና ሆዱ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ነው። አንዳንዴ እኔም ይሄን እረሳዋለሁ፣ ሲያወራ ትልቅ ስለሚመስለኝ።

ከትምህርት ቤት ደግሞ በኮሙኒኬሽን ቡኩ "ይረብሻል፣ አይቀመጥም" ተብሎ ይላካል። መምህሯ ላይ አልፈርድም፤ ያን ሁሉ ልጅ ይዛ ለአንዱ ብቻ ምን ታድርግ? እሱ ቶሎ ይጨርሳል፣ ከዚያ የሚሠራው የለም። ከበድ ያለ ሥራ ስጡት ብዬ ለመንኩ። ርዕሰ መምህሩ "በሁለተኛው ሴሚስተር ሁለተኛ ክፍል ይግባ፣ ደብል ይምታ" አሉ።

ያኔ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። ደብል መተሽ እኛ ክፍል ስትገቢ ሁላችንም ጉድ አልን፣ አንደኛም ወጣሽ። እረፍት ሰዓት ግን ግድግዳ ተደግፈሽ ትቆሚ ነበር። ገመድ ስንዘል የሚጠራሽ አልነበረም። ያኔ ምን ይሰማሽ ነበር? ማታ ቤት ገብተሽ ለእማማ ትነግሪያቸው ነበር? አሁን ቢሆን "ይቅርብኝ" ትያለሽ?

አባቱ "ይምታ፣ ጊዜ አያቃጥል" ይላል። የኔ ልብ አልቆረጠም። ትምህርቱን እንደሚችለው አውቃለሁ። ግን ስድስተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ከሁሉም ትንሹ እሱ ነው፣ ኳስ ሲጫወቱም እንደዚያው። እኔ የምመርጠው ከእኩዮቹ ሳይለይ የሚመጥነው ሥራ ቢሰጠው ነበር። ይሄን ሐሳብ ለርዕሰ መምህሩ እንዴት እንደማቀርበው አንቺ መምህርት ስለሆንሽ ታውቂበታለሽ። ክፍልሽ እንዲህ ያለ ልጅ ሲገባ ምን ታደርጊያለሽ? ወላጁንስ ምን ትይዋለሽ?

መልስ የሚፈልጉት ሴሚስተሩ ከማለቁ በፊት ነው። ስለዚህ ቶሎ ጻፊልኝ፣ መጥፎውንም ሳትደብቂ። ከተመቸሽ በክረምት ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ማሙሽም ደብል የመታች ሰው አግኝቶ ራሱ ይጠይቅሽ።

ያንቺው እህት